«መቼ ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ነው ደሞዝ የሚከፈልሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሜክሲኮ አካባቢ ዋና ቢሮ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ድርጅት ውስጥ 7 ዓመት ግዥ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን የሲኒየር ሰፕላይ ቼይን ማናጀር ቦታ ወጥቶ ተወዳደሪ እየተባልኩ ነው። እውነት ለመናገር ከግዥ ኃላፊ በምን እንደሚለይ አልገባኝም፣ ስሙን አስረዝመው ደሞዙን የጨመሩበት ነው የሚመስለኝ። ሥራው ምንድነው? ሰርተፊኬትስ ልውሰድ?»

እህቴ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፣ እኔም ወንበሩን ስይዝ ልክ እንዳንቺ ነበር የማስበው። ደሞ ግማሹ እውነትሽን ነው። ስንት ድርጅት አለ የግዥ ኃላፊውን በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቀይሮ ሰፕላይ ቼይን ያለ፣ ውስጥ ስትገቢ ሥራው ያው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ርካሹን መምረጥ ነው። እንደዛ ከሆነ ደሞዙን ተቀበይና ኑሪ ምንም የሚከብድሽ ነገር የለም። የምር ቦታ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ዕቃው ከሻጩ ተነስቶ ደንበኛ እጅ እስኪገባ ያለውን መንገድ በሙሉ መያዝ ነው።

ግዥ ላይ እያለሽ ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ «በስንት ገዛሽው?» ብሎ ነው አይደል? አዲሱ ወንበር ላይ ጥያቄው «መቼ ይደርሳል?» ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የፋብሪካው ሰው ይጠይቅሻል፣ 4 ሰዓት ላይ ሽያጭ፣ ከምሳ በኋላ ፋይናንስ ይመጣል (እሱ የሚጠይቀው ብሩ መቼ እንደሚወጣ ነው ግን ያው ነው)፣ ማታ ደሞ ሥራ አስኪያጁ ትራፊክ ውስጥ ተቀርቅሮ ይደውልልሻል። አራቱም የሚፈልጉት ቀን ነው፣ አራቱም ደሞ ባንቺ ቀን ላይ ተመሥርተው ሌላ ቃል ለሌላ ሰው ይገባሉ። ቀኑ ሲበላሽ የሚበላሸው ያንቺ ነገር ብቻ አይደለም።

የራሴን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመቴ ቢጫ ማስተርባች አስመጣን፣ ማስተርባች ያው ታውቂዋለሽ ቀለሙ ነው፣ ከ100 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ውስጥ 2 ኪሎ ገደማ ብትጨምሪው ነው። ከቻይና አንድ ሻጭ ከለመድነው ሰውዬ በኪሎ ትንሽ ሳንቲም ዝቅ አርጎ ሰጠኝ፣ እኔም የግዥ ጭንቅላቴ ስላልለቀቀኝ ደስ ብሎኝ ወደሱ ዞርኩ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ሲታይ ኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደትና ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር) ላይ ያለው አይገናኙም፣ ጉምሩክ ተስተካክሎ ይምጣ አለ (ልክ ነው ያለው)፣ ሻጩ ጋ ስንደውል ቢሮው ለቻይና አዲስ ዓመት ተዘግቷል። ትራንዚተሩ (ጉምሩክ የሚያስጨርስልን ሰው) በየቀኑ «ነገ ይወጣል» ይለኛል፣ እኔ ለሥራ አስኪያጁ «ነገ ይወጣል» እላለሁ፣ እሱ ለደንበኛ «ነገ ይወጣል» ይላል፣ እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት አለፈን። ስቶር ውስጥ ጥሬ ዕቃ እስከ ጣራ ተቆልሏል፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ ሠራተኛው ገብቷል፣ ቢጫ ጀሪካን ግን የለም። ነጭ እንሥራ ብለን ሞከርን፣ ገበያው ጀሪካን ሲል ቢጫ ነው እሺ አላለንም። መጨረሻ ላይ የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ በመዘግየቱ የሚከፈል ቅጣት) ከፍዬ ሳሰላው፣ በኪሎ ያተረፍኳት ሳንቲም የአንድ ሳምንት ኪራዩን እንኳ አልሸፈነችም። የቆመውን ማሽን ሳልቆጥር ነው።

ከዛ በኋላ ነው ሥራውን የጀመርኩት ማለት እችላለሁ። ያደረግኩት ነገር ደሞ ቀላል ነው፣ ያለፉትን ጭነቶች ፋይል አንድ በአንድ አውጥቼ ኤክሴል ላይ ቀን በቀን ጻፍኳቸው። ፕሮፎርማ የመጣበት፣ ባንክ የገባበት፣ ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተበት፣ ሻጩ የጫነበት፣ ጅቡቲ የደረሰበት፣ ሞጆ የገባበት፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱ) የተቆረጠበት፣ ስቶር የገባበት። ድርጅታችን ውስጥ ይሄን ጽፎ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰው «ሦስት ወር ነው የሚፈጀው» ይላል በቃ።

አሁን እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ አትለፊው፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቢ ከሆነ እሱን አንብቢ።

እንበል ፋብሪካችሁ በቀን 2 ቶን ኤችዲፒኢ (ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ) ይጠቀማል። ፍጆታው አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ይላል፣ መዋዠቁን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉትን) 0.4 ቶን አድርጊው። ፕሮፎርማ ከተቀበልሽበት እስከ ስቶር በአማካይ 110 ቀን ይፈጃል፣ ግን አንዱ ጭነት በ80 ሌላው በ150 ስለሚመጣ የሱ መዋዠቅ 25 ቀን ነው እንበል። ከ100 የማዘዣ ዙር በ95ቱ ዕቃ እንዳያልቅብሽ ከፈለግሽ ስንት መጠባበቂያ ትይዢያለሽ? 110ን በ0.4 ስኩዌር ስታባዢ 17.6 ይመጣል። 2 ስኩዌርን በ25 ስኩዌር ስታባዢ 2,500። ደምሪያቸው፣ ስኩዌር ሩት አውጪ፣ በ1.65 አባዢ (ለ95 ከመቶ የሚያዘው ቁጥር ነው)፣ 83 ቶን አካባቢ ይሆናል።

እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ተመልከቻቸው፣ 17.6 እና 2,500። የመጀመሪያው ከሽያጭ መዋዠቅ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ከቀን መዋዠቅ። ሽያጭ ክፍሉ ነቢይ ሆኖ የየቀኑን ፍጆታ ሳያዛንፍ ቢነግርሽ እንኳ መጠባበቂያሽ ከ82.8 ወደ 82.5 ቶን ነው የሚወርደው። በቃ። 25ቱን ቀን ወደ 12 ብታወርጂው ግን 40 ቶን ይበቃሻል። ልብ በይ አማካዩን አልነካነውም፣ ዕቃው አሁንም 110 ቀን ነው የሚፈጀው፣ ግን አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ መምጣቱን ቀንሶ ረጋ አለ። ቶኑን 1,100 ዶላር ብለሽ ብትይዢው ወደ 47,000 ዶላር ስቶር ውስጥ ከመተኛት ዳነ ማለት ነው፣ በዛሬው ምንዛሪ በብር አንቺው አባዢው።

ስለዚህ ውጭ አገር የተጻፈው ሁሉ ፎርካስት (የሽያጭ ትንበያ) ፎርካስት የሚለው እዛ ዕቃው በሳምንት ስለሚደርስ ነው። ባሕር በር የሌለን፣ ጭነታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ የጅቡቲ በር የሚገባ ሰዎች ፎርካስት ላይ የምናጠፋውን ስብሰባ ግማሹን ለቀን ብንሰጠው ይሻለናል። ይሄን ስል ሽያጮች ይናደዱብኛል ግን ቁጥሩ ያለው ይሄን ነው።

25ቱን እንዴት ነው 12 የምታደርጊው? እኔ ኤክሴሌን ሳየው የገረመኝ ነገር መርከቡ ከጠበቅኩት በላይ ቀኑን ጠባቂ ነበር። እንደዛ የሚዋዥቀው ወረቀቱ ነው፣ ከጥያቄ እስከ ኤልሲ መክፈቻ ያለውና ሞጆ ከደረሰ በኋላ ዕቃው እስኪለቀቅ ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ሻጩ ከመጫኑ በፊት የዶክመንቶቹን ድራፍት በኢሜል እንዲልክ ግዴታ ማድረግ ነው፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከቡ የጭነት ሰነድ)፣ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጂን (ዕቃው የተሠራበትን አገር የሚያረጋግጥ)፣ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ከፕሮፎርማው ጋር ቃል በቃል እናነባለን፣ ክብደት፣ የግሬዱ (የጥሬ ዕቃው ዓይነት) ስም፣ ኤችኤስ ኮድ (የጉምሩክ የዕቃ መለያ ቁጥር)፣ የከረጢት ብዛት። አንድ ጎበዝ ልጅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሁለተኛው የሦስት ወሩን በአንዴ ከማዘዝ በየወሩ ከፋፍሎ ማዘዝ ነው፣ አንዱ ቢንጓተት ሌላው መንገድ ላይ አለ፣ የወረቀት ሥራው ይበዛል አዎ፣ ግን አንዱ ጭነት ሲያዝ ፋብሪካው አብሮ አይያዝም። ሦስተኛው ደሞ ካሌንደር።

ካሌንደሩን ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው። የኛ ሰው የሚያስበው በጥርና በሚያዝያ ነው፣ ሻጩ በጃንዋሪና በኤፕሪል። የቻይና አዲስ ዓመት በኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ ፋብሪካዎቹ ደሞ ከበዓሉ ቀን በፊትና በኋላ ቀስ እያሉ ነው የሚዘጉትና የሚከፍቱት። የኛ የፕላስቲክ ወንበር ደሞ ጥር ላይ ነው የሚሸጠው፣ ሠርግ ነዋ፣ ድንኳን አከራይ ሁሉ ወንበር ይፈልጋል። ለጥር ወንበር ለመቅረጽ ጥሬ ዕቃው ኅዳር አጋማሽ ስቶር መግባት አለበት፣ ከዛ 110 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ነሐሴ 1 አካባቢ ላይ ትወድቂያለሽ። ማለትም የጥርን ሠርግ የምታስቢው ፍልሰታ ሲገባ በዛ ዝናብ መሀል ነው። ያኔ ለሥራ አስኪያጁ የወንበር ጥሬ ዕቃ ኤልሲ እንክፈት ብትዪው እንደ እብድ ነው የሚያይሽ፣ ምክንያቱም ስቶሩ ያን ሰዓት ሙሉ ሊሆን ይችላል። እና ደሞ ጳጉሜን ሁሉም ሰው ይረሳታል፣ ወሩን በ30 እያባዛ ሲቆጥር አምስት ቀን ትጠፋዋለች።

ሲኒየር የሚለው ቃል ደሞ የሚገባሽ ካርታ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥሽ። ከሳዑዲ ጥሬ ዕቃ ስናስመጣ «ከሳዑዲ ነው ቅርብ ነው» እንላለን። ሳዑዲ ሁለት ትላልቅ የፔትሮኬሚካል ከተሞች አሏት፣ ጁቤል በባሕረ ሰላጤው በኩል፣ ያንቡ በቀይ ባሕር በኩል። ከጁቤል የተጫነ ሆርሙዝን አልፎ ዞሮ ነው ጅቡቲ የሚመጣው፣ ከያንቡ የተጫነ ደሞ ቀይ ባሕርን ወርዶ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ አለበት። አንድ አገር ሁለት የተለያየ ጭንቀት። ኅዳር 2016 ላይ የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ ሰው «ቀይ ባሕር ተዘጋ አለቀልን» አለ፣ ካርታውን ያየ ሰው ግን ከቻይና የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ ባብ ኤል መንደብን እንደማያልፍ ያውቃል፣ ጅቡቲ ከጠባቡ በር ወዲህ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት። ከቱርክ በስዊዝ የሚመጣው ነው የታመመው። ዋጋ በሁሉም ላይ ጨምሯል፣ ግን ቀኑ የተበላሸበትና ዋጋው ብቻ የተበላሸበት አንድ አይደለም፣ ሁለቱን ለይተሽ ለሥራ አስኪያጅሽ መንገር መቻል ነው ሥራሽ። ግዥ ላይ ሆነሽ ይሄን ማንም አይጠይቅሽም።

ነገሩ አዲስም አይደለም ባይዘዌይ። ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት የሚለውን ስም ኪት ኦሊቨር የሚባል የቡዝ አለን አማካሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው፣ ሲራራ ነጋዴ ግን ያኔ ገና ስሙ ሳይፈጠር ቅፍለት (በአንድ ላይ የሚጓዝ የነጋዴና የጭነት ከብት ጓድ) አሰልፎ፣ የትኛው ገበያ መቼ እንደሚውል፣ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ ቆጥሮ ነው የሚወጣው። ነጋድራስ የሚባለውም መጀመሪያ የቅፍለቱ መሪ ነበር፣ በኋላ ነው የመንግሥት ሹመት የሆነው። ስለዚህ ሹመትሽን ነጋድራስ ብለሽ ብታስቢው ይሻላል፣ ቢያንስ አጭር ነው 😄

ወደ ስብሰባው ልምጣ፣ እዛ ነው የምትፈተኚው። ሽያጭ ሁሌ ብዙ ዕቃ ይፈልጋል፣ ፋይናንስ ሁሌ ትንሽ፣ ፋብሪካው ደሞ አንድ ዓይነት ነገር ሳይቀይር ወር ሙሉ ቢያመርት ደስ ይለዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አንቺ መሀል ላይ ነሽ፣ ሁሉንም ልታስደስቺ ከሞከርሽ አለቀልሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ አይደል፣ በዛ ሰሞን የአከፋፋዮቻችን ትዕዛዝ በአንዴ አበጠ፣ ሽያጭ ክፍሉ እየጨፈረ መጣ፣ እጥፍ እናስመጣ አለ። እኔ አልፈረምኩም። ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ጀሪካን የሚገዛ እናት ቁጥሯ በአንድ ወር እጥፍ አልሆነም፣ የሆነው ነገር ነጋዴው ነገ ይወደዳል ብሎ ያከማቻል፣ ደሞ ከኛም ካጠገባችን ካለውም ከሌላውም እኩል ያዛል፣ ቀድሞ የሰጠውን ይወስድና ሌላውን ይተዋል። ይሄ ነገር ስም አለው፣ ቡልዊፕ ይሉታል፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የፓምፐርስ ትዕዛዙን ሲያይ ነው ያስተዋለው፣ ሕፃኑ ዳይፐር የሚጠቀመው በየቀኑ ያው ነው፣ ግን ከሱቅ ወደ አከፋፋይ ከአከፋፋይ ወደ ፋብሪካ ትዕዛዙ እየሄደ በሄደ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል። እኛ መርካቶ ሰው ልከን የአከፋፋዮቹን መጋዘን በዓይናችን አየን፣ እስከ በሩ ሙሉ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ትዕዛዙ ቀጥ አለ።

ስለ ምንዛሪ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ የድሮ ሰው አሁንም ያልገባው ነገር ነው። ከመለቀቁ በፊት ጥያቄው «ባንኩ ዶላር ይሰጠናል ወይ» ነበር፣ ወረፋ ጠብቀሽ ስታገኚ የምትችይውን ያህል ትጭኛለሽ፣ ስቶር ሞልቶ መተኛቱ ችግር አልነበረም እንዲያውም ጉብዝና ነበር። አሁን ጥያቄው «ብሩ አለን ወይ» ሆኗል። ያው ኮንቴይነር ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ብር ይፈልጋል፣ ብድር ደሞ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ብሎ ከገደበ ወዲህ ጣሪያው ከፍ ቢልም እንደ ድሮው እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ያኔ ጉብዝና የነበረው ሙሉ ስቶር ዛሬ የድርጅቱን አንገት የሚያንቅ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያሳየሁሽ 47,000 ዶላር ያኔ ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር፣ ዛሬ ፋይናንሱ ቡና ይጋብዝሻል። ቢን ካርዱን (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ) ራስሽ እየሄድሽ እዪ እንጂ ከስቶር የሚላክልሽን ሪፖርት ብቻ አትመኚ፣ ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ኮሚሽን ነገር። ቦታውን እንደያዝሽ ስልክሽ ይበዛል፣ «እህቴ እኛ አንረሳም» የሚል ሰው ይመጣል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፣ ሻጭ ብቻዬን አላገኝም፣ ስልክ ላይ የተነገረኝን ዋጋ በኢሜል ላክልኝ እላለሁ፣ የሚልክ ይልካል የማይልክ ይቀራል። ሥጋ ቤት ልጋብዝሽ ለሚልም ጾም ነው በይው ዓመቱን ሙሉ 😅

ሰርተፊኬት ጠይቀሻል። ድርጅቱ የሚከፍል ከሆነ ውሰጂ፣ ሲኤስሲፒም (የሰፕላይ ቼይን ባለሙያ ሰርተፊኬት) ይሁን ሲፕስ (የግዥና አቅርቦት ባለሙያዎች ተቋም የሚሰጠው)። ለመማር ደሞ ሰንጋ ተራ ኮሜርስ የሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ትምህርት አለ፣ ካንቺ ቢሮ በእግር ነው። ግን ከኪስሽ አውጥተሽ ሰርተፊኬት ከመግዛትሽ በፊት ኤክሴልሽን ጨርሺ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በአንድ ፎርሙላ የማታወጪ ከሆነ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ለኢንተርቪው የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። አሁን 7 ዓመት የሠራሽበት ፋይል እጅሽ ላይ ነው ያለው፣ ቦታውን ሌላ ሰው ቢወስደው እንኳ ይሄ ዕድል አይደገምም። የመጨረሻዎቹን 15 ወይ 20 ጭነቶች አውጪና ከላይ እንዳልኩሽ ቀን በቀን ጻፊያቸው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አማካዩንና መዋዠቁን አውጪ፣ የትኛው እርከን ላይ እንደሚያብጥ ቀለም ቀቢው። ዋጋ አትጻፊበት፣ የድርጅቱ ምስጢር ነው፣ ደሞም ለዚህ አያስፈልግሽም። የሆነ ሰዓት ላይ አንዱ ተነስቶ «አሁን ብናዝ ዕቃው መቼ ይደርሳል?» ማለቱ አይቀርም፣ አንድ ቀን እንዳትጠሪ፣ «ከ20 ጭነት 16ቱ ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ገብተዋል፣ የቀሩት አራቱ የዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው» በያቸውና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጊላቸው። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ለአምስት ሰው ኮፒ አድርገሽ ያዢ።